ከገጽ 812 በኋላ

አሮጊቷ በጨርቅ የተጠቀለለ ወፍራም መጽሐፍ ቅዱስ ደረታቸው ላይ አቅፈው በሩን ሲገፉ፣ ለቅሶ ቤቱ በሙሉ ብድግ አለ።

ጸሎት ሊመሩ የመጡ መስሎን ነው። ሦስተኛው ቀን ነበር፤ ከሰዓት በኋላ፣ ወሬ አልቆ ሰው ሁሉ የገዛ ጫማውን የሚያይበት ሰዓት። አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። አንዷ አፏ ውስጥ የነበረውን ዳቦ ሳታላምጥ ዋጠችው። የሟቹ እህት ሻሿን ወደ ግንባሯ ሳብ አድርጋ ዓይኖቿን ጨፈነች። አሮጊቷ ግን አልጸለዩም። ደጃፉ ላይ ቆመው በመደዳ የተደረደሩትን ወንበሮች በመነጽራቸው አናት አሻግረው ተመለከቱና፣

«ዛሬስ ደንበኛ በዝቶበታል» አሉ። «ወረፋ ነው? የእኔ እኮ ጀርባው ብቻ ነው የተላቀቀው፤ ብዙም አይፈጅበት።»

ባርኔጣውን ያወለቀው ሰውዬ መልሶ ያድርገው አያድርገው ጨንቆት በእጁ ያሽከረክረው ጀመር። ጥግ ካለው ወንበር ላይ ልጅቱ ተነሣች።

«እትዬ» አለች። «አባዬ እኮ ዐረፈ። ቅዳሜ ዕለት።»

አሮጊቷ መጽሐፉን ከደረታቸው አላወረዱም። «ማንም አልነገረኝም» አሉ በመጨረሻ፣ ቅሬታቸውን ለራሱ ለሟቹ የሚያቀርቡ ይመስል፤ ከዚያም አጠገባቸው ባገኙት ወንበር ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

እኒህ ሴት አዋላጅ ነበሩ። የሰፈሩን ሰው ግማሹን በእጃቸው ተቀብለውታል፤ ልጅቱንም ጭምር። ጡረታ ወጥተው የከተማው ሌላ ጫፍ ልጃቸው ዘንድ ከገቡ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። መጽሐፋቸው በላላ ቁጥር ግን ሁለት አውቶቡስ ለውጠው ይመጣሉ፤ የሚያምኑት ጠራዥ አንድ ብቻ ነበርና። ያ ጠራዥ እሑድ ዕለት ተቀብሯል።

ልጅቱ ስንል ደግሞ ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ክሊኒክ ውስጥ ላቦራቶሪ የምትሠራ፣ ነጭ ጋዋን የምትለብስ፣ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ውጤት የማትቀበል ሴት ነች። ለጎረቤት ግን ሰው አያድግም።

«ይስጡኝ፤ ውስጥ ላስቀምጥልዎ» አለች።

«ማን ሊጠርዘው?»

«ለጊዜው ይቀመጥ።»

ውስጥ ማለት የሥራ ክፍሉ ነው። ከሳሎኑ የሚለየው አንድ ስስ የእንጨት በር ነው፤ ሰውየው ከዚያ በር ኋላ አርባ ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ሲሰፋ፣ ሲያጣብቅ፣ ጠርዝ ሲያስተካክል ኖሯል። ከወደቀበት ዕለት ወዲህ በሩን የከፈተ አልነበረም። ድምፁን ግን ሁላችንም ሰምተናል። በየቀኑ ከምሳ በኋላ፣ እሱ ሥራ በሚጀምርበት ሰዓት፣ ትልቁ መጭመቂያ ይንቋቋል። የተሰፋ መጽሐፍ ሙጫው እስኪደርቅ በሁለት ጣውላ መካከል ገብቶ በብረት ብሎን የሚታሠርበት መሣሪያ ነው፤ ብሎኑ ሲጠብቅ፣ ወገቡን ይዞ እንደሚነሣ ሽማግሌ ረዘም ያለ ድምፅ ያወጣል። አሁን የሚያጠብቀው ሰው የለም። ድምፁ ግን አለ።

«እንጨት ነው» ትላለች የሟቹ እህት፣ የልጅቱ አክስት፣ ሻይ እየቀዳች። «ሲሞቀው ይንቋቋል።»

«ከምሳ በኋላ ብቻ?»

«ከምሳ በኋላ ነዋ የሚሞቀው።»

ሰው ይህን ሲሰማ ተስማምቶ ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ ወንበሩን ከበሩ ትንሽ ራቅ ያደርጋል።

ልጅቱ የአሮጊቷን መጽሐፍ ይዛ ገባች። ሽርጡ የሆዱን ቅርፅ እንደያዘ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ብሩሹ ሙጫው ጣሳ ውስጥ ደርቆ ቆሟል። መጭመቂያው ውስጥ የቁምስናው፣ የሰፈሩ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ የጥምቀት መዝገብ እንደታሠረ ነው፤ የዛሬ ሳምንት እሱን አጥብቆ ሲጨርስ ነው ወለሉ ላይ የተገኘው። መደርደሪያው ላይ ጥገና የሚጠብቁ መጽሐፍ ቅዱሶች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ውስጥ የባለቤቱን ማንነት የሚናገር ብጣሽ ወረቀት አለ፤ «የፖስተኛው»፣ «የዳቦ ጋጋሪዋ፣ ቶሎ ይድረስ»፣ «የዚያ ተከራካሪው»። የሁሉም ቤተ እምነት ሰው ያመጣለት ነበር። አንድ የቁምስናው ሰው የሌሎቹን ለምን ትጠርዛለህ ቢለው፣ «ካቶሊኩ እኔ ነኝ፤ ሙጫው አይደለም» ብሎ መልሶለታል።

ልጅቱ ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ እዚህ ክፍል ውስጥ ሥራ ነበራት። መጽሐፍ ተፈትቶ እንደገና ሲሰፋ ገጾቹ እጥፍ እጥፍ ሆነው ይደረደራሉ። ከመሰፋታቸው በፊት ታዲያ ተራቸውን መጠበቃቸው ይፈተሻል። አባትየው የአንዱን እጥፍ የመጨረሻ ቃል ይጠራል፤ እሷ የሚቀጥለውን እጥፍ የመጀመሪያ ቃል ትመልሳለች። እሱ «ብርሃንም» ይላል፤ እሷ «ሆነ» ትላለች። ካልገጠመ፣ አንዱ እጥፍ ቦታውን ስቷል ማለት ነው። በግድግዳው በኩል ስንሰማቸው ቅዳሴ ላይ ያሉ ቄስና ዲያቆን ይመስሉን ነበር፤ ዲያቆኗ ግን አልፎ አልፎ ከረሜላ ትጠይቃለች።

እዚያ ቆማ ሳለ ብሎኑ ተንቋቋ። ልጅቱ ዞር አላለችም። ያስደነገጣት ድምፁ አልነበረም። ከድምፁ በኋላ የመጣው ዝምታ ነው። አንድ ሰው አንድ ቃል ጠርቶ፣ መልሱን የሚጠብቅበትን ዓይነት ዝምታ ታውቀዋለች።

ስትወጣ አባ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

የቁምስናው ቄስ ወጣት ናቸው፤ ሞቶ የተቀበረው ጠራዥ ራሱ በልጅነታቸው ትምህርተ ክርስቶስ ያስተማራቸው። ሻዩን ቀምሰው ስኳር ጨመሩና፣ የዓርቡ የሰባተኛ ቀን ቅዳሴ ስንት ሰዓት እንደሚሆን ነገሯት። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ድምፅ ዝቅ ሲል ጎረቤት ሁሉ ሻዩን ማማሰል ያቆማል።

«ምንባቡን አንቺ እንድታነቢለት ይፈልግ ነበር።»

«የቱን?»

አባ ነገሯት። የጦር አለቃው ለወደቁት ወታደሮቹ መሥዋዕት የላከበትን፣ ሙታኑ ከኃጢአታቸው እንዲፈቱ ያስጸለየበትን ምዕራፍ። ከሰባቱ መጻሕፍት በአንዱ ውስጥ ያለ ነው፤ በካቶሊኮች መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ካሉት፣ ከወንጌላውያን ጋር በምታመልከው በልጅቱ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከሌሉት ሰባት።

ልጅቱ ፈገግ አለች፤ የሚያስደስት ፈገግታ አልነበረም። «ጽፎታል?»

«አልጻፈም። ነገረኝ። ሐሙስ ዕለት፣ ሆስፒታል።»

«ታዲያ ማለቱን በምን አውቃለሁ?»

«በእኔ» አሉ አባ።

አክስትየዋ ሳትጠየቅ የሁለቱንም ብርጭቆ ሞላች።

«አባ» አለች ልጅቱ። «ያን መጽሐፍ የእግዚአብሔር ቃል ነው ብዬ አላምንም። ያነበበ ሰው ደግሞ ሲጨርስ ‹የእግዚአብሔር ቃል ነው› ይላል። ሕዝብ ፊት።»

«ይላል።»

«እና አባዬ ሞቶ ሊያስዋሸኝ ነው?»

አባ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ሌላ ምንባብ አለ፤ ሌላ አንባቢም አለ። የማታምኚውን በይ አልልሽም፤ እሱም አላለኝም። ‹ጠይቅልኝ› ነው ያለኝ። እስከ ሐሙስ ንገሪኝ።» ወደ በሩ ካመሩ በኋላ ዞረው፣ «መዝገቡም ሲመችሽ» አሉ።

እኛ ጎረቤቶች ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ሌላ ርዕስ አልነበረንም። ታነባለች የሚሉ ነበሩ፤ አታነብም የሚሉ ነበሩ፤ ምን እንደሚነበብ ሳይገባቸው ከሁለቱም ወገን የቆሙም ነበሩ።

ነገሩ የተጀመረው እናትየው ስትሞት ነው። ልጅቱ ያን ጊዜ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ጠራዡ በየማለዳው ቅዳሴ ይሄዳል፤ ለሚስቱ ይጸልያል፤ ይመለሳል፤ ሽርጡን ያስራል። ልጅቱ እንደ ነገረችን፣ «ስለ እማዬ ለእግዚአብሔር ያወራል፤ ስለ እማዬ ለእኔ አያወራም።» የሥራ ክፍሉን መግባት ተወች። ሁለት የትምህርት ቤት ጓደኞቿ ወደ ወንጌላውያን የወጣቶች ኅብረት ወሰዷት። እዚያ መጽሐፉን ከፍተው ከእሷ ጋር ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር አነበቡ፤ አንቺስ ምን ገባሽ ብለው ጠየቋት። ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎ የጠየቃት አልነበረም። እናትሽ በጌታ እጅ ናት፣ ያለቀ ነገር ነው፣ የምትጨምሪላት የለም አሏት። ለእሷ ይህ ዕረፍት ነበር። በስንት ወሯ እንቅልፍ ወሰዳት።

ቤት መጥታ አባቷን ጠየቀችው። «ለሙታን ይጸለይ የሚል የት ተጽፏል?»

እሱ ነገራት።

«እሱ እኔ መጽሐፍ ውስጥ የለም።»

«መጽሐፍሽን ማን ሰጠሽ?»

«እግዚአብሔር።»

«በማን እጅ?»

ይህችን ጥያቄ ለሠላሳ ዓመት የትምህርተ ክርስቶስ ልጆችን ሲጠይቅባት ኖሯል። መጽሐፉ በገመድ ከሰማይ አልወረደም ይላቸዋል፤ መንፈስ ቅዱስ ሰዎችን አናግሮ ሰዎች ጻፉት፤ ይህ የእግዚአብሔር ነው፣ ያ አይደለም ብላ ለይታ የሰጠችን ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ናት። ትርጉሙንም ብቻህን አትፍታ፤ የሰጠችህን ጠይቃት። ልጅቱ ከተማሪዎቹ ሁሉ ጎበዟ ነበረች። ስለዚህም መልስ አላጣችም። «እጅም ይሳሳታል፣ አባዬ» አለችው።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ የራሷ መጽሐፍ ቅዱስ ከጀርባው ተበተነ። ሌላ ጠራዥ ዘንድ ልትወስደው ትችል ነበር፤ ወደ እሱ አመጣችው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለት። እሱም በሁለት እጁ አነሣው። ለሳምንት ያህል ቤቱ ውስጥ ዕርቅ የሚመስል ነገር ነበር። ራት ላይ ጨው ሲቀባበሉ አክስትየዋ አይታለች።

መጽሐፉ በአዲስ ቡናማ ቆዳ ተለብጦ ሲመለስላት ወደ ኅብረቱ ይዛው ሄደች። በሠላሳ ሰው ፊት እንድታነብ ተጠራች፤ አዲስ ኪዳንን ልትከፍት ገለጠች፤ ሰባቱ መጻሕፍት መሐል ላይ ተሰፍተው ወጡ። አንድ ሰው ሳቀ።

«መጽሐፌ ላይ ጨመርክበት» አለችው፣ ገና በሩን ሳትዘጋ።

ጠራዡ ተቀብሎ አገላበጠው። ፊቱ ላይ ያለው ቀለም ሲሄድ አየችው፤ እሷ ግን እንደ ተያዘ ሌባ ፊት ነው የቆጠረችው። «ስሕተት ነው» አለ።

«አንተ አትሳሳትም። አንድ ቀን ተሳስተህ አታውቅም።»

«ስሕተት ነው እያልኩሽ እኮ ነው፣ ልጄ።»

በእሱ ቢላ፣ በእሱ ጠረጴዛ ላይ፣ መቶ ሃያ ስምንት ገጽ ቆርጣ አወጣች፤ ሙጫ በሚሞቅበት ምድጃም ውስጥ ከተተችው። በዚያው ወር ወጥታ ከጓደኞቿ ጋር መኖር ጀመረች። ከዚያ በኋላ አሥራ አራት ዓመት ስልክ ይደዋወላሉ። ስለ ደም ግፊቱ ያወራሉ፤ ስለ ዝናቡ ያወራሉ። ስለ መጽሐፍ አያወሩም፤ መጽሐፍ ከመጠረዝ በቀር ሌላ የማያውቅ ሰው።

ረቡዕ ዕለት የኅብረቷ መሪ ከሦስት ሴቶች ጋር ለለቅሶ መጣች። ረጋ ያለች ሴት ናት፤ ያመጣችውን ዳቦ ራሷ ቆራርሳ ለሁላችን አቀረበች። ስለ ምንባቡ ሰምታ ነበር። ማን እንደ ነገራት አይታወቅም፤ ሁላችንም ግን ወደ መሬት አየን።

«እኔ አልፈርድብሽም» አለቻት። «አባትሽ ነው። ግን ቆመሽ ስታነቢ ድምፅሽ ምስክር ይሆናል።»

«አውቃለሁ» አለች ልጅቱ። «የከበደኝም እሱ ነው።»

ከምሳ በኋላ መጭመቂያው ተንቋቋ። መሪዋም ሰማች። አክስትየዋ ማንም ሳይጠይቃት «እንጨት ነው» አለች።

ልጅቱ ተነሥታ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባች፤ እጇ ሥራ ፈልጎ ነው። የአሮጊቷን መጽሐፍ ከጨርቁ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስተኛችው። ጀርባው ተላቅቋል፤ አዲስ ሙጫ መቀባት ብቻ ይበቃው ነበር። እሷ ግን አባቷ እንዳስተማራት በመጀመሪያ ስፌቱን አየች። ስፌቱ በአረንጓዴ ክር ነው።

ጠራዡ በነጭ ክር እንጂ በሌላ ሰፍቶ አያውቅም። አንድ ሳምንት ብቻ፣ ነጩ አልቆበት፣ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቱ የሰጠችውን አረንጓዴ ክር በሰም ለውሶ ተጠቅሟል። ልጅቱ ይህን በደንብ ታውቃለች። የእሷ መጽሐፍ፣ አሁንም በየቀኑ የምታነበው፣ ያን መቶ ሃያ ስምንት ገጽ ቆርጣ ያወጣችበት መጽሐፍ፣ በአረንጓዴ ክር ነው የተሰፋው።

መሐሉን ገለጠች። ብሉይ ኪዳን ገጽ 812 ላይ ያበቃል። ቀጥሎ ያለው ገጽ አዲስ ኪዳን ነው፤ ቁጥሩ 941። በመካከላቸው ምንም የለም፤ ቢላ የነካው ጠርዝ እንኳ የለም። ከመጀመሪያውም አልተሰፋም።

ሁለቱ መጽሐፎች የአንድ ማተሚያ ቤት ሥራ ናቸው፤ ፊደላቸው አንድ፣ ወረቀታቸው አንድ፣ ቁመታቸው አንድ። በዚያ ሳምንት ሁለቱም ተፈትተው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነበሩ። የአሮጊቷ እጥፎች ወደ ልጅቱ መጽሐፍ ሄደዋል።

እኛ ሳሎን ውስጥ የሰማነው ወንበር ሲጎተት ብቻ ነው። ከዚያ የልጅቱ ድምፅ መጣ፤ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ቃል። የብሉይን የመጨረሻ ቃል ነው የጠራችው። መልስ ጠበቀች። አክስትየዋ የሻይ ማንቆርቆሪያውን በአየር ላይ እንደያዘች ቀረች።

አዋላጇ በማግስቱ መጡ። መጽሐፋቸውን ሊወስዱ ነው ያሉት፤ ሐዘን ሊቀመጡ እንደሆነ ግን ይታወቃል፣ ጥቁር ለብሰዋል። ልጅቱ ሥራ ክፍሉ ውስጥ አስገብታ በአባቷ ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። በሩን አልዘጋችውም፤ ስለዚህ የሰማነው ሁሉ የእኛ ጥፋት አይደለም።

«እትዬ፣ መጽሐፍዎ ይጎድለዋል።»

«አውቃለሁ።»

«ሰባቱ መጻሕፍት የሉም እኮ።»

«አውቃለሁ አልኩሽ። አሥራ አራት ዓመቱ።» አሮጊቷ መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ። «ራሱ ቤቴ መጥቶ ነገረኝ። ሳህን እንደ ሰበረ ልጅ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ‹የእርስዎን ከልጄ ጋር ቀላቅዬዋለሁ፤ ልጄ ደግሞ አቃጥላዋለች፤ አዲስ ልስጥዎት› አለኝ። እኔ ደግሞ ይሄ የባሌ ነው፤ አልለውጥም አልኩት። የጎደለውን ቤተ ክርስቲያን ያነቡልኛል።»

«እንዴት ተሳሳተ? ሁልጊዜ ይፈትሽ አልነበረም?»

«ሲፈትሽ እሱ ይጠራል፤ ማን ይመልስለታል?»

ሳሎን ውስጥ ያለነው እኛ ግን ይህን እናውቅ ነበር። ከእናትየው ሞት በኋላ ጠራዡ በግድግዳው ማዶ ብቻውን አንድ ቃል ሲጠራ፣ ቆም ሲል፣ ሌላ ቃል ሲጠራ ለዓመታት ሰምተናል። የሚጸልይ መስሎን ሬዲዮ እንቀንስለት ነበር። ገብቶ አንዲት ቃል የመለሰለት ግን ከመካከላችን አልተገኘም።

«ይህን ቢያሳየኝ አምነው ነበር» አለች ልጅቱ። «በዓይኔ ባየው! ለምን ይዞት አልመጣም?»

«እኔም ያንኑ አልኩት። ውሰደው፣ አሳያት፣ ገላገልክ አልኩት። ‹ካሳየኋት መጽሐፉን ታምናለች› አለኝ። ‹እኔን አመነች አይባልም።›»

«አሥራ አራት ዓመት?»

«ግትር ነበር። እሱንም ለማን እንዳወረሰ አውቃለሁ።»

ልጅቱ የመጭመቂያውን እጀታ ያዘች፤ አላዞረችውም። «እኔ እኮ ሥራዬ ነው፣ እትዬ። ሰው መጥቶ ደኅና ነህ ብለውኛል ሲለኝ ወረቀቱን አምጣ እላለሁ። ቃል ይለዋወጣል። ወረቀት ግን እንደተጻፈ ነው።»

«የተወለድሽበትን ቀን በምን አወቅሽ?»

«በልደት ሰርተፍኬቴ።»

«ሰርተፍኬቱን ሰውዬው በምን ጻፈው?»

ልጅቱ መልሱ ወዴት እንደሚሄድ ገባት። «እርስዎ ነግረውት።»

«እኔ ነግሬው። እዚያ ቤት፣ ረቡዕ ዕለት፣ ከምሳ በፊት፣ እየጮኽሽ። ወረቀቱ ከእኔ አፍ ነው የወጣው። አሁን ወረቀቱን ይዘሽ እኔን ትጠራጠሪያለሽ።»

«እርስዎ ቢረሱስ? ሰው ያረጃል። ያን ጊዜ የሚያርምዎ ወረቀቱ ነው።»

አሮጊቷ ይህን ለጥቂት ጊዜ አሰቡበት፤ አልናቁትም። «እውነት ነው» አሉ። «ለዚህ ነው ሁለቱንም የምንይዘው።»

«ግን አሁንም ያንን መጽሐፍ አላምንበትም።»

«እመኚ ያለሽ ሰው አለ? እኔ ጀርባዬን ላሠራ ነው የመጣሁት።»

ያን ዕለት ልጅቱ ብሎኑን አላላች። የጥምቀት መዝገቡን አውጥታ አቧራውን ጠረገችና አባ ሲመጡ ሰጠቻቸው።

«አነባለሁ» አለቻቸው።

«እስከ መጨረሻው?»

«መጨረሻው ላይ ስደርስ አያለሁ።»

አባ ሌላ አልጠየቁም። እሳቸው እንደወጡ፣ መጭመቂያው ባዶውን ሆኖ፣ ጣውላዎቹ ተላቅቀው፣ ሌላ ጊዜ ከሚንቋቋው ረዘም ላለ ጊዜ ተንቋቋ። አክስትየዋ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ዘጋችው።

ዓርብ ቤተ ክርስቲያኑ ከእሑድ ይልቅ ሞልቶ ነበር። ለቅዳሴ የማይነሡ ሰዎች ተነሥተው መጥተዋል፤ ፖስተኛው፣ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ ያ ተከራካሪው፣ የሌላ ቤተ እምነት ሰዎች ሁሉ በኋለኞቹ አግዳሚዎች ላይ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። የኅብረቷ መሪም በሩ አጠገብ ቆማለች። አዋላጇ ጆሯቸው በደንብ ስለማይሰማ የመጀመሪያው አግዳሚ ላይ ናቸው።

ልጅቱ ወጥታ ማንበቢያው ፊት ቆመች። ድምፅዋ ላቦራቶሪ ውስጥ ስም እንደሚጠራ ሰው ድምፅ ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ምንም የማይጨምር። የጦር አለቃውን አነበበች። የወደቁትን አነበበች። በልብሳቸው ሥር ተደብቆ የተገኘውን ጣዖት አነበበች፤ የቀሩት ግን አለመፍረዳቸውን፣ ይልቁን ተንበርክከው መለመናቸውን። ሙታን ይነሣሉ ብሎ ባያስብ ኖሮ ስለ እነርሱ መጸለዩ ከንቱ በሆነ ነበር የሚለው ጋ ስትደርስ ቆመች፤ ሰው ሁሉ የጨረሰች መሰለው። ትንፋሽ ወስዳ ቀጠለች። ጨረሰች።

የሚቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሕዝቡ የሚመልሰውን አፉ ላይ ይዞ ይጠብቃል። አባ ወንበራቸው ላይ ሆነው ጉልበታቸውን ያያሉ፤ አላዩዋትም፣ አልጎተጎቷትም። ከበሩ በኩል አንድ ሰው አሳለ። ልጅቱ ከመጽሐፉ ቀና አለች።

«አባዬ» አለች። ቆመች። «አባዬ፣ የእግዚአብሔር ቃል ነው ብሏል። አምነዋለሁ፤ እሱን።»

ለዚህ የሚመለስ የተጻፈ መልስ የለም። ግማሹ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሊል ጀምሮ አጠገቡ ያለው ዝም ሲል እሱም ዋጠው። ልጅቱ ከማንበቢያው አልወረደችም። በመዳፏ ጎን የገጹን መሐል ከላይ ወደ ታች በቀስታ ዳበሰችው፤ ሙጫው ገና እርጥብ ይመስል፣ ጫን ሳትል፣ አንዴ፣ ከዚያም እንደገና።

አዋላጇ ወደ ጎረቤታቸው ዘንበል አሉ። ያንሾካሾኩ መስሏቸው ነው፤ የኋለኛው አግዳሚ ድረስ ተሰማ።

«እሱም ቢሆን እዚሁ፣ ከቤተ ክርስቲያን ነው የሰማው።»